ማሸግ አንድ፣ መውሰድ ሌላ

በደማምና በአል ኾባር ሱቆች የሚገኝ የንግድ ምስጢር ዛሬ በመሳቢያ ውስጥ ባለ ደብተር ላይ የሚሰፍረው ጥቂቱ ነው። ዕቃውን ያዘዘው ማን ነው? ትርፉስ ለማን ተላከ? ይህን የሚናገረው ስልክ ነው። በሌላ ሰው ስም የሚካሄድን ንግድ፣ በአረብኛው «ተሰቱር» የሚባለውን፣ ለመከላከል በ1442 ዓመተ ሂጅራ በንጉሣዊ ድንጋጌ ቁጥር ም/4 የወጣው ሕግ ጥፋቱ በኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ጭምር እንዲረጋገጥ የፈቀደው ስለዚህ ነው። ቅጣቱም እስከ 5 ዓመት እስራትና እስከ 5 ሚሊዮን ሪያል ይደርሳል።

ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በፍተሻ ሰዓት መሣሪያን ከመነካካት የመጠበቅ ሥልጣን ከሌለው ፍተሻው ከንቱ ይሆናል፤ የስልክ መልእክት ከሩቅ ሆኖም ሊጠፋ ይችላልና። ሌሎች አገሮችም ይህን ሥልጣን በዋዛ አያዩትም። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ኢ.ኦን የተባለውን የጀርመን የኃይል ኩባንያ 38 ሚሊዮን ዩሮ የቀጣው፣ በሙኒክ ቢሮው በአንድ ክፍል በር ላይ የተለጠፈው ማኅተም ተነክቶ በመገኘቱ ብቻ ነበር። በ2024 ደግሞ ኢንተርናሽናል ፍሌቨርስ ኤንድ ፍራግራንስስ የተባለው ኩባንያ 15.9 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጥቷል። ምክንያቱ አንድ ከፍተኛ ሠራተኛው ፍተሻው እየተካሄደ የዋትስአፕ መልእክቶችን ማጥፋቱ ነው።

እነዚህ ግን ትልልቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ መሣሪያውም የድርጅቱ ነው። የትንሽ ሱቅ ነገር ይለያል። ባለቤቱ ለሠራተኛው ስልክ ሳይገዛለት በራሱ ስልክ ትእዛዝ እንዲቀበል ያደርገዋል። በዚያው ስልክ ላይ በአብሺር የሚታየው ኢቃማ አለ፣ ደመወዝ የሚገባበት የባንክ መተግበሪያ አለ፣ ወሎ ወይም ጅማ ካለች እናት ጋር የሚነጋገርበት መንገድ አለ። ያ ስልክ ሲወሰድ ሠራተኛው መታወቂያውንና የኪስ ቦርሳውን አብሮ እንዳጣ ይቆጠራል። የጥፋቱ ተጠቃሚ የሱቁ ባለቤት ቢሆንም፣ የመጀመሪያውን ዋጋ የሚከፍለው ተቀጣሪው ነው።

ሕጉ ይህን ለማስተካከል መሠረት አያጣም። የ1412ቱ የአገዛዝ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 40 የመገናኛ ዘዴዎችን ምስጢር ያስከብራል፤ በሕግ ከተደነገገው ሁኔታ ውጭም መያዝን ይከለክላል። በ1428 የወጣው የኢንተርኔት ወንጀል መከላከያ ሕግም በአንቀጽ 13 የወንጀል መሣሪያ እንዲወረስ ሲፈቅድ የቅን ልቡና ባለመብቶችን መብት ጠብቋል። ለመውረስ የተቀመጠው ይህ ጥንቃቄ ለጊዜያዊ መያዝም መድረስ ይገባዋል። የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ለጥሰት ያገለገለ መሣሪያ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ሊያዝ እንደሚችል ይናገራል። «ውሳኔ እስኪሰጥ» የሚለው ሐረግ ግን ለኩባንያ የሥራ መስተጓጎል ሲሆን፣ ለቀን ሠራተኛ ያለ ደመወዝና ያለ መታወቂያ መቆየት ማለት ነው።

መፍትሔው በቴክኖሎጂ ረገድ አዲስ አይደለም። ባለሙያ የመሣሪያውን ይዘት ሙሉ ቅጂ ወስዶ፣ ቅጂው አለመለወጡን የሚያረጋግጥ የሒሳብ አሻራ መዝግቦ፣ ስልኩን ሊመልስ ይችላል። የኢትዮጵያ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መርማሪ በፍርድ ቤት ትእዛዝ መሣሪያውን ከመያዝ ሌላ የመረጃውን ቅጂ ማስቀረትም እንዲችል አድርጓል። (አፈጻጸሙ ሁልጊዜ እንደ ጽሑፉ ነው ማለት አይደለም።)

ሠራተኛውም ድርሻ አለው። ተቆጣጣሪ ፊት መልእክት ማጥፋት ንጹሑን ሰው ጥፋተኛ ያስመስለዋል። ይልቅስ የስልኩ መለያ ቁጥር፣ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ የያዘው መሥሪያ ቤት ስም የሰፈረበት ሰነድ ቅጂ እንዲሰጠው በትሕትና ይጠይቅ፤ ያልገባውን የአረብኛ ጽሑፍም ሳይተረጎምለት አይፈርም። ተቆጣጣሪዎቹ በበኩላቸው የሠራተኛ የግል ስልክ ተገልብጦ የሚመለስበትን የቀናት ቁጥር በማስፈጸሚያ ደንባቸው ላይ በግልጽ ቢያሰፍሩ፣ ምርመራው አንዳች ነገር አይጎድልበትም።