ወንድና ሴት ተጣምረው ስለሚጫወቱት የስኳሽ ጨዋታ

የአካል ጨዋታ ለሕዝብ ጤንነትና ለወጣቶች መልካም አስተዳደግ የሚሰጠው ጥቅም በየአገሩ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ማንም አስተዋይ ሰው ጨዋታን እንደ ሥራ ፈትነት አይቈጥረውም። ዳሩ ግን ከጨዋታዎች መካከል አንዳንዶቹ ስማቸው በዓለም ሁሉ ሲጠራ፥ ሌሎቹ ምንም ያህል ፍሬ ቢኖራቸው ባንድ ጥግ ተረስተው ይቀራሉ። ከነዚህም ከተረሱት አንዱ ወንድና ሴት ባንድ ወገን ቆመው የሚጫወቱት የስኳሽ ጨዋታ ነው። ይህ ጨዋታ ከ1998 ዓመት ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው) በኮመንዌልዝ አገሮች ታላቅ ውድድር ላይ በየአራት ዓመቱ ሲደረግ ቈይቶ ነበር። ለ2026ቱ የግላስጎ ውድድር 10 የጨዋታ ዓይነቶች ብቻ ሲመረጡ ግን ስኳሽ ከዝርዝሩ ወጣ። ለ2028ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ደግሞ ስኳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፥ የገባው ወንድ ከወንድ፥ ሴትም ከሴት ጋራ አንድ ላንድ የሚገጥሙበት ብቻ ነው። እንግዲህ የወንድና የሴት ጥምር ጨዋታ ከቀድሞ ቤቱ ተባረረ፥ ወደ አዲሱም ቤት አልተጠራም ማለት ነው። ይህ በዝምታ ሊታለፍ የሚገባው ነገር አይደለም።

ስኳሽ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር በሃሮ ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ ከቈየው የግድግዳ ጨዋታ ላይ ሲመታ የሚጨፈለቅ ለስላሳ ኳስ ወስደው አዲስ ጨዋታ አወጡ፤ ስሙም ከዚሁ የመጣ ነው። አንድ ላንድ የሚጫወቱበት ሜዳ በአራት ግድግዳ የተዘጋ ክፍል ሲሆን፥ ርዝመቱ 9 ሜትር ከ75፥ ስፋቱም 6 ሜትር ከ40 ነው። ኳሱ 24 ግራም ያህል የሚመዝን ትንሽ ጎማ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሞተ ያህል ነው፥ በምት ብዛት ሲሞቅ ግን ይነጥራል። ተጫዋቹ ኳሱ መሬት ሁለት ጊዜ ሳይነካ ወደ ፊተኛው ግድግዳ መመለስ አለበት፤ በግድግዳው ግርጌ ያለውን ቈርቈሮ የነካ እንደ ሆነ ነጥቡ ለባላጋራው ነው።

ስኳሽን ከቴኒስ የሚለየው ዋና ነገር መረብ አለመኖሩ ነው። በቴኒስ ሁለቱ ወገኖች በየግዛታቸው ተለይተው ይቆማሉ፤ በስኳሽ ግን ባላጋሮች ባንድ ወለል ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ይሯሯጣሉ። ስለዚህ የጨዋታው ሕግ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያዝዘው፥ ኳሱን የመታ ሰው ለሚቀጥለው መቺ መንገድ እንዲለቅ ነው። መንገድ የዘጋ እንደ ሆነ ዳኛው ኳሱ እንደገና እንዲመታ ያዝዛል፤ መዝጋቱ የባላጋራውን የማሸነፊያ ምት ያስቀረ እንደ ሆነ ደግሞ ነጥቡን ይቀጣዋል። አንድ ላንድ ሲጫወቱ ይህን ሕግ መጠበቅ እንኳ አስቸጋሪ ነው። አራት ሰዎች ራኬት ይዘው ባንድ ክፍል ሲገቡ ምን ያህል እንደሚጠብ አንባቢ ራሱ ሊገምተው ይችላል። ለዚሁ ሲባል ለጥንድ የሚሠራው ሜዳ ሰፋ ያለ ነው፤ ሆኖም ስፋቱ ትሕትናን አይተካም። አራቱም የት እንደ ቆሙ፥ ወዴትም እንደሚለቁ ሳያቋርጡ ማሰብ ይገባቸዋል፤ ያላሰበም ወይ በኳስ ወይ በራኬት ይመታል። ከጨዋታ ሁሉ ይልቅ የባላጋራን መብት ማክበር እንዲህ በየምቱ የሚፈተንበት ሌላ ጨዋታ ለማግኘት ያስቸግራል።

የወንድና የሴት ጥምር ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። በጠረጴዛ ቴኒስ ጥንዶቹ በተራ በተራ መምታት ግድ ነው፤ በስኳሽ ግን የመጀመሪያው ምት ከተመለሰ በኋላ ከሁለቱ ማንኛቸውም ቢመልሱት ይፈቀዳል። ስለ ሆነም ባላጋሮች ደካማ ነው ብለው ወደ ገመቱት ወገን ደጋግመው መምታት ይችላሉ፤ ብዙ ጊዜም ይህ ዒላማ ሴቲቱ ናት። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ፥ «እንግዲያው ወንዱ ሁሉን ኳስ ይምታው» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። እንዴት ቢሉ፥ አንዱ የግራውን ግድግዳ ሌላው የቀኙን ይዘው ስለሚቆሙ፥ ወንዱ የጓደኛውን ኳስ ለመንጠቅ ወደ እርስዋ ወገን የተሻገረ እንደ ሆነ የራሱ ግድግዳ ባዶ ይቀራል፤ ባላጋራውም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ባልንጀራውን የማያምን ጥንድ በጕልበቱ ምን ቢበረታ ይሸነፋል። ሴቲቱ በግድግዳዋ ላይ ጸንታ ኳሱን በጥልቀት ስትመልስ፥ ወንዱም ትዕግሥት አድርጎ ተራውን ሲጠብቅ ግን፥ ጥንዱ አይደፈርም። ይህ ለእይታ ብቻ የተፈጠረ አይደለም፤ ከጨዋታው አሠራር በራሱ የሚወጣ ነው።

የውድድሩም ታሪክ ይህንኑ ያስረዳል። ስኳሽ በ1998 በማሌዥያ በኳላ ላምፑር ከተማ ወደ ኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ከገባ ወዲህ እስከ 2022 ድረስ ሰባት ጊዜ ሲደረግ፥ የጥምሩን የወርቅ ሜዳልያ አምስት ጊዜ አውስትራልያ፥ ሁለት ጊዜ ደግሞ ኒውዚላንድ ወስደዋል። እንግሊዝ የጨዋታው እናት ስትሆን፥ አንድ ላንድ በሚደረገውም ስመ ጥሩ ተጫዋቾችን ያወጣች ስትሆን፥ ይህን ወርቅ አንድ ጊዜ እንኳ አላገኘችም። አንድ ላንድ መብለጥ አንድ ጥበብ፥ ከሌላ ጋራ ተስማምቶ መጫወት ሌላ ጥበብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚገልጥ የለም።

በ2006 በሜልበርን በተደረገው ውድድር ለጥምሩ ወርቅ የቀረቡት ሁለቱም ጥንዶች ከአውስትራልያ ነበሩ፤ ይልቁንም የሚያስደንቀው ሁለቱ ሴቶች እኅትማማቾች መሆናቸው ነው። ናታሊ ግሪንሃም ከጆ ክኒፕ ጋራ፥ ታላቅ እኅቷ ሬቸል ግሪንሃም ደግሞ ከዴቪድ ፓልመር ጋራ ገጠሙ፤ ናታሊም አሸነፈች። እነዚሁ እኅትማማቾች በዚያው ሰሞን በሴቶች ጥንድ ባንድ ወገን ቆመው ወርቅ አግኝተዋል። ሬቸልና ፓልመር ግን ተስፋ አልቈረጡም፤ ከስምንት ዓመት በኋላ በ2014 በግላስጎ ሁለቱም ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፋቸው ወዲያ እንደገና ተጣምረው ወርቁን ወሰዱ። አንድ ላንድ በሚደረገው ስኳሽ በዚህ ዕድሜ ማሸነፍ እጅግ ብርቅ ነው፤ በጥምር ግን ብልሃትና መተዋወቅ የእግርን ፍጥነት ይክሳሉ።

ሌላው ምስክር የሕንዷ ወይዘሮ ዲፒካ ፓሊካል ናቸው። እኒህ ሴት ከሳውራቭ ጎሳል ጋራ ተጣምረው በ2018 በጎልድ ኮስት ሁለተኛ ሆኑ። በጥቅምት ወር 2021 መንታ ልጆች ወለዱ፤ ስድስት ወር ያህል ቈይተው በሚያዝያ 2022 በግላስጎ በተደረገው የዓለም የጥንድ ውድድር ከጎሳል ጋራ የጥምሩን፥ ከጆሽና ቺናፓ ጋራ ደግሞ የሴቶቹን ጥንድ ማዕርግ አገኙ። በዚያው ዓመት በበርሚንግሃም የኮመንዌልዝ ውድድር ከጎሳል ጋራ ሦስተኛ ሆኑ፤ ወርቁ የኒውዚላንዶቹ የጆኤል ኪንግና የፖል ኮል ሆነ። በ2023 ደግሞ በቻይና በሃንግጆው ከተማ በተደረገው የእስያ ጨዋታዎች ይህ ጥምር ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገባ፥ ወይዘሮ ዲፒካ ከሃሪንደር ፓል ሲንግ ሳንዱ ጋራ ሆነው የማሌዥያን ጥንድ 11 ለ10፥ 11 ለ10 አሸነፉ። በጥንድ ጨዋታ 10 ለ10 የደረሱ እንደ ሆነ የሚቀጥለው አንድ ነጥብ ይቈርጠዋልና፥ ሁለቱም ዙር ባንድ ነጥብ ብቻ ተለየ ማለት ነው። በዚያው ውድድር ከነሐስ ካገኙት አንዷ አናሃት ሲንግ የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። እናት የሆነች ሴትና የ15 ዓመት ልጅ ባንድ ውድድር፥ ባንድ አገር ስም፥ ከወንዶች ጎን ተሰልፈው ሜዳልያ የሚያገኙበት ጨዋታ ከዝርዝር ሲወጣ ጕዳቱ ቀላል አይደለም።

ወይዘሮ ዲፒካ ከዚህም በፊት ለሴቶች እኩልነት የቆሙ ሰው ናቸው። በአገራቸው ብሔራዊ ውድድር ለሴቶች የሚሰጠው የገንዘብ ሽልማት ከወንዶቹ ያነሰ ስለ ነበረ ለአራት ዓመት ያህል አልሳተፍም ብለው ቈይተው፥ ሽልማቱ እኩል ሲሆን በ2016 ተመልሰው አሸነፉ። በአሜሪካም ታላቁ የዩናይትድ ስቴትስ የስኳሽ ውድድር በ2013 ለወንዶችና ለሴቶች እኩል ሽልማት መክፈል ጀምሯል። ይህ ሁሉ የተገኘው በብዙ ክርክር ነው። ወንድና ሴት ለአንድ ሜዳልያ አብረው በሚለፉበት ሜዳ ላይ ግን ክርክሩ ራሱ ሥፍራ የለውም፤ ግማሽ ሜዳልያ የሚባል ነገር የለምና።

በተቃራኒው የሚነገረው ምክንያት የወጪ ነገር ነው። ይህም ፈጽሞ ከንቱ ምክንያት አይደለም። የአውስትራልያ የቪክቶሪያ ግዛት መንግሥት የ2026ቱን ውድድር ለማዘጋጀት ከተቀበለ በኋላ ወጪው በዛብኝ ብሎ በሐምሌ 2023 ተወው፤ ግላስጎም ውድድሩን ከመቋረጥ ያዳነችው በአራት ሥፍራዎች ብቻ አሳጥራ ለማድረግ ተስማምታ ነው። የመስተዋት ሜዳ መትከልም ገንዘብ ይጠይቃል። ግላስጎን ስለዚህ ነገር መውቀስ ተገቢ አይሆንም። ሆኖም ከተመረጡት ከአራቱ ሥፍራዎች አንዱ የሆነው ስኮትስታውን በ2014 ስኳሽ የተደረገበት ሥፍራ መሆኑ ሲታወስ፥ በደንብ ቢታሰብበት ኖሮ አንድ መላ ሊገኝ ይችል ነበር ለማለት ያስደፍራል።

የኦሊምፒኩ ነገር ግን ከዚህ ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በጥቅምት 2023 በሙምባይ ተሰብስቦ ስኳሽን ሲቀበል፥ የስኳሽ ወዳጆች ለብዙ ዓመት ሲለምኑት የነበረው ነገር በመፈጸሙ እጅግ ደስ ብሏቸዋል፤ ደስታቸውም ተገቢ ነው። ዳሩ ግን ይኸው ኮሚቴ በሚያዝያ 2025 የሎስ አንጀለስን የውድድር ዝርዝር ሲያጸድቅ፥ በአትሌቲክስ የወንድና የሴት የ4 ጊዜ 100 ሜትር ቅብብል፥ በጎልፍ፥ በጂምናስቲክ፥ በጠረጴዛ ቴኒስ ወንድና ሴት የሚቀላቀሉበት ቡድን ጨመረ። ለሌላው ሁሉ ይህ መልካም ነው ተብሎ ሲጨመር፥ ይህን ጨዋታ ከ25 ዓመት በላይ ሲጫወት ለኖረው ለስኳሽ አለመፈቀዱ ምክንያቱ አይታይም። ለስኳሽ የተፈቀዱት 16 ወንዶችና 16 ሴቶች ናቸው። ከነዚሁ ከ32ቱ መካከል ያንድ አገር ወንድና ሴት ቢጣመሩ አንድ ሰው እንኳ አይጨመርም፤ ማደሪያም ምግብም አይበዛም። ስለ ሜዳውም ቢሆን፥ ግድግዳው እየተንሸራተተ ለአንድ ላንድ የሚጠብ፥ ለጥንድም የሚሰፋ ሜዳ ከተሠራ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

አንድ ሌላ እውነተኛ ችግር መኖሩም አይካድም። አንድ ላንድ በሚደረገው ስኳሽ ከሁሉ የበለጠች ግብፅ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች በእነዚህ የጥምር ውድድሮች አልነበረችም፤ ስለዚህም ጥምሩ የጥቂት አገሮች ጨዋታ ነው የሚሉ አሉ። ግን ይህ ጨዋታውን ለማስፋት ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። የግብፅ ወንድና ሴት ባለ ማዕርጎች ባንድ ወገን ቆመው ከኒውዚላንድና ከሕንድ ጋራ ቢገጥሙ ይህን ለማየት የማይጓጓ የስኳሽ ወዳጅ ይኖራል ተብሎ አይታሰብም።

ወንድና ሴት ባንድ ቡድን የሚቆሙበት ውድድር ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የዓለም አገር አቋራጭ ሩጫ በ2017 በካምፓላ የጥምር ቅብብል ሲጨምር ኢትዮጵያ ሁለተኛ ሆነች፤ በ2019 በዴንማርክ በኦርሁስ ከተማ ደግሞ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ተቀባብለው ወርቁን አመጡ። ያ ቅብብል ባይጨመር ኖሮ ይህ ወርቅ አይኖርም ነበር።

ለ2030ው የኮመንዌልዝ ውድድር በኅዳር 2025 የተመረጠችው የሕንድ ከተማ አሕመዳባድ ናት። ሕንድ በዚህ ጨዋታ የዓለምን ማዕርግና የእስያን የመጀመሪያ ወርቅ ያገኘች አገር እንደ መሆንዋ መጠን፥ የዚያ ውድድር አዘጋጆች ስኳሽን ከነጥምሩ ወደ ዝርዝሩ ቢመልሱት ከማንም ይልቅ ለእነርሱ የሚገባ ሥራ ነው። የዓለም የስኳሽ ፌዴሬሽንም ከሎስ አንጀለስ በኋላ ለሚመጣው ኦሊምፒክ ማመልከቻውን ሲያቀርብ፥ ጥምሩን በመጨረሻው ገጽ እንደ ተጨማሪ ሳይሆን ከአንድ ላንዱ ጎን በመጀመሪያው ገጽ ሊጽፈው ይገባል።