ቂም ይዞ ጸሎት



አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላሉ። ሌባ ሳል ከያዘው መያዙ አይቀርም። ሰውም ቂም ይዞ ቢጸልይ ጸሎቱ አይሰምርለትም። ዛሬ የምንጨዋወተው ስለዚሁ ነው። ስለ እምነት፣ ስለ ይቅርታና ስለ ትምህርት ቤት።

እስቲ ዓርብ ቀን አርብ ገበያ ቁሙና ሰዉን ተመልከቱ። ሁለት ጎረቤታሞች እህላቸውን ይዘው መጡ እንበል። በአንድ መንገድ መጡ፤ ግን አልተነጋገሩም። ምነው? ቢባል አንዱ የሌላውን ድንበር ገፍቷል። ነገሩ የአባቶቻቸው ነው። ልጆቹ ግን ወረሱት። ቂም እንደ መሬት ይወረሳል።

የሃይማኖት ቂምም እንደዚሁ ይወረሳል። አንድ የአገራችንን ታሪክ እንይ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። መቀበላቸው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሕዝቡም እንዲቀበል አስገደዱ። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱም እንደገና ይሾሙ ተባለ። ሰው ተቆጣ። የላስታ ገበሬ ተነሣ። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ጦርነት ሆነ። ንጉሡ አሸነፉ። ግን ማንን አሸነፉ? የወደቀው የገዛ ሕዝባቸው ነው። ሺዎች ሞቱ። ንጉሡ ይህን አይተው፣ ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብለው አወጁ። ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ፋሲልም የካቶሊክ ካህናቱን ከአገር አስወጡ። ከዚያ በኋላ «ካቶሊክ» የሚለው ስም ሰውን ለረጅም ዘመን ሲያስደነግጥ ኖረ።

በ1832 ዓ.ም. ሌላ የካቶሊክ ካህን መጡ። አገራቸው ጣሊያን ነው። በእኛ አገር አቡነ ያዕቆብ ይባላሉ። እሳቸው ጦር ይዘው አልመጡም። የአገሩን መነኩሴ ልብስ ለበሱ፤ የአገሩን ቋንቋ ተማሩ። ከተከተሏቸው አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። ሩቅ አገር ሰው አይደሉም። ከአባይ ማዶ፣ ጎጃም መርጡለ ማርያም አጠገብ የተወለዱ ሊቅ ናቸው። በእምነታቸው ምክንያት ታሰሩ። በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደ ታሰሩ ሞቱ።

እንግዲህ አስተውሉ። መጀመሪያ ካቶሊኩ ኦርቶዶክሱን አስገደደ። በኋላ ደግሞ ካቶሊኩ ታሰረ። ሁለቱም ወገን የሚቆጥረው ቂም አለው። ቂም ከቆጠሩማ ማለቂያ የለውም።

ታዲያ ዛሬስ? በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ካቶሊኮች ከመቶ ሰው አንድ እንኳ አልሞሉም። ትምህርት ቤቶቻቸው ግን በብዙ ቦታ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ውስጥ የልደታና የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤቶች የታወቁ ናቸው። እዚያ የሚማረው የካቶሊክ ልጅ ብቻ አይደለም። የኦርቶዶክሱም፣ የሙስሊሙም ልጅ ይማራል። ወይና ደጋ ላይ የተጋደሉት ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬ በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሀ ሁ ይላሉ። ከዚህ የበለጠ ዕርቅ ምን አለ?

በካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጆች ከፊደል ጋር ሌላም ነገር ይለምዳሉ። በየአገሩ በጾም ወራት ሳንቲም እያጠራቀሙ ለድኃ ይሰጣሉ። የበደሉትን ይቅርታ መጠየቅ ይማራሉ። ይህ ለእኛም አዲስ አይደለም። እኛም የንስሐ አባት አለን። አቡነ ዘበሰማያትን ስንደግምም የምንለምነው ምሕረት ለሌላው ከምናደርገው ምሕረት ጋር የተያያዘ ነው።

«ይቅር ካልሁ ወንጀለኛው በነጻ ሊሄድ ነው?» የሚል ይኖራል። መልሱ በሌላ አገር ከሆነ ነገር ይገኛል። በግንቦት 1973 ዓ.ም. አንድ ሰው የካቶሊኮችን አባት፣ ጳጳሱን ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስን በጥይት መታቸው። እሳቸው ከሞት ተረፉ። በታኅሣሥ 1976 ዓ.ም. እስር ቤት ድረስ ሄደው ከሰውየው ጋር ተቀምጠው ተነጋገሩ። ይቅርም አሉት። ሰውየው ግን እስከ 1992 ዓ.ም. እዚያው ጣሊያን ታስሮ ቆየ። አያችሁ? ፍርዱ የሕግ ነው። ይቅርታው የልብ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

በእኛም አገር ደም መመለስ የሚባል ክፉ ልማድ አለ። ደም ያለበት ቤት ልጅ ትምህርት ቤት ለመሄድ መንገዱን ይፈራል። አባቱ የሠራውን እሱ ይከፍላል። ጥሩ ልማድም አለን። ሽማግሌ ይገባል። ካህን መስቀል ይዞ ይመጣል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» ይላል። ካሳ ይቆረጣል። ያን ቀን አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚታረቀው። ገና ያልተወለደ ልጅም ከሞት ይድናል።

አንባቢዬ፣ ልጅ የሚማረው ከትምህርት ቤት ብቻ አይደለም። ማታ እሳት ዳር የምናወራውን ይሰማል። «እነ እገሌ ጠላቶቻችን ናቸው» ካልነው እሱንም ያጠናል። «እነ እገሌ ጎረቤቶቻችን ናቸው» ካልነውም እንዲሁ።

እንወያይ፦
1. ዐፄ ሱስንዮስ አሸንፈው ሳለ ለምን አዋጃቸውን ለወጡ?
2. ይቅርታና ፍርድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
3. በእናንተ አካባቢ ሽማግሌ ሳይገባበት የቆየ ጠብ አለ?

እንጻፍ፦ ቂም። ካሳ። ዕርቅ። ይቅርታ።

አሁን ደግሞ ደብተራችሁን ገልጣችሁ የተጣላችሁትን ሰው ስም ጻፉ። ለማንም አታሳዩ። ዓርብ ገበያ ላይ ስታገኙት ግን «እንዴት ዋልህ» በሉት። ዕርቅ ከዚያ ይጀምራል።

ለሳምንቱ በሰላም ያገናኘን።