ሰዓት መግደልና የዳኛ ፊሽካ

የተማሪዎች ጋዜጣ ርእሰ አንቀጹን ለእግር ኳስ ሲሰጥ ቁም ነገር የጠፋበት የሚመስለው አንባቢ አይታጣም። ዳሩ ግን ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ባዶ ሆኖ የቴሌቪዥኑ አዳራሽ መቆሚያ የሚታጣበት መሆኑን መምህራኖቻችንም ያውቁታል፤ አንዳንዶቹም ከእኛው ጋር ቆመው ያያሉ። ይህን ያህል ሰው ጊዜውንና ስሜቱን የሚሰጠው ነገር ፍትሕ አለበት ወይስ የለበትም ብሎ መጠየቅ ነውር አይሆንም።

የምናነሣው ጉዳይ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በሙያተኞች እግር ኳስ ሰዓት መግደል ልማድ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው ዳኞች ይህንኑ ጥፋት ሲቀጡ አንዱን ልጅ፥ ሌላውን የእንጀራ ልጅ ማድረጋቸው ነው። በእኛ አስተያየት ግን የመጀመሪያው የሚኖረው በሁለተኛው ነው። (ቀንና ዓመቱን በኤውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።)

አንድ ቡድን 1 ለ 0 እየመራ 80ኛው ደቂቃ ሲደርስ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በረኛው ኳሷን አቅፎ ይተኛባታል፤ ሲነሣም ጓንቱን ያስተካክላል። ኳስ ሊወረውር የመጣው ተከላካይ ኳሷን በማልያው ጠራርጎ ከጨረሰ በኋላ ለሌላ ጓደኛው ያስረክባታል። ሊቀየር የተጠራው ተጫዋች ከሜዳው ማዶ እየተንቀራፈፈ፥ ለተመልካቹ እያጨበጨበ ይመጣል። ሌላው ደግሞ ማንም ሳይነካው እግሩን ይዞ ይንከባለላል፤ ወጌሻው ውሃ ሲረጭለት ወዲያው ይድናል። በ2022-23 የውድድር ዘመን በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ኳስ በእውነት በጨዋታ ላይ የምትቆየው በአማካይ 55 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ተንኰል ነው አንልም፤ ኳስ ትወጣለች፥ ሰውም ይጐዳል። ነገር ግን ተንኰሉ በዚያ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል።

እንዲህ የሚያደርገውን ተጫዋች ሌባ ብሎ መስደብ ይቀላል። እኛ ግን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ነው እንላለን። ግማሽ ደቂቃ ቢያተርፍ ትርፉ የታወቀ ነው፤ ቅጣቱ ግን ያልታወቀ ነው። አንዱ ዳኛ ቢጫ ካርድ ያወጣበታል፥ ሌላው በእጁ «ቶሎ በል» ብሎ ያልፈዋል፥ ሦስተኛው አያየውም። እንዲህ ባለ ገበያ የማይነግድ ማን ነው?

ሕግ ጠፍቶም አይደለም። ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ሕግ አውጪ ቦርድ በረኛ ኳስ በእጁ ከ6 ሴኮንድ በላይ እንዳይዝ በ2000 ደንግጎ ነበር። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ለተቃራኒው ቡድን እዚያው በጎሉ አጠገብ ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጠዋል። ቅጣቱ ከጥፋቱ እጅግ ስለ በለጠ ዳኞቹ ፊሽካ መንፋቱን ፈሩት። በረኞችም ይህን ዐውቀው ሴኮንዱን እጥፍ አድርገው ይይዙ ጀመር፤ ሕጉ በመጽሐፍ ላይ ተኝቶ ቀረ።

ከተኛበት ሲነቃ ያደረሰውን ጉዳት እንመልከት። ኦገስት 6 ቀን 2012፥ በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች እግር ኳስ ግማሽ ፍጻሜ፥ በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ሜዳ ካናዳ ዩናይትድ ስቴትስን 3 ለ 2 እየመራች ነበር። ጨዋታው ሊያልቅ ከ10 ደቂቃ ብዙ ሳይበልጥ ሲቀረው ኖርዌያዊቷ ዳኛ ክርስቲና ፔደርሰን የካናዳን በረኛ ኤሪን ማክሊዮድን «ኳስ አቆየሽ» ብላ ቀጣቻት። ከዚያ ቅጣት ምት የተመታው ኳስ የካናዳ ተጫዋች እጅ ነካ፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሆነ፤ አቢ ዋምባክ አገባችው። በተጨማሪው ሰዓት መጨረሻ ላይም አሌክስ ሞርጋን አራተኛውን ጎል አገባች። ክሪስቲን ሲንክሌር ለብቻዋ ሦስት ጎል ያገባችበት ቀን በሽንፈት አለቀ፤ ካናዳም ወርቁ ቀርቶባት ፈረንሳይን አሸንፋ ነሐስ ይዛ ተመለሰች።

ዳኛዋ ሕግ ጥሳለችን? አልጣሰችም፤ እንዲያውም እንደ ሕጉ ቃል ሠርታለች። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የዘገየ ጽሑፍ ያለ አንዳች ተግሣጽ ሲቀበል የኖረ መምህር በመጨረሻው ሳምንት የአንዱን ተማሪ ብቻ «ዘግይቷል» ብሎ ቢመልሰው፥ የቱ ተማሪ ነው ደንቡ ተፈጸመብኝ ብሎ ዝም የሚል? ጥያቄው «ለምን ተቀጣሁ» ሳይሆን «ለምን ዛሬ፥ ለምንስ እኔ» ነው። ይህ ጥያቄ መልስ የሚያጣው ሕግ ሳይሠራበት ሲኖር ነው።

በቅርቡ ደግሞ የእንግሊዝ ዳኞች ጨዋታ እንዳይጀመር ኳስ ጠልዞ በሚያርቅ ተጫዋች ላይ ጠንክረናል አሉ። ኦገስት 31 ቀን 2024 የአርሰናሉ ዴክላን ራይስ ከብራይተን ጋር ሲጫወቱ ኳሷን በእግሩ ጫፍ ገፋ በማድረጉ ሁለተኛ ቢጫ አይቶ ወጣ። በዚያው ጨዋታ ቀደም ብሎ የብራይተኑ ዥዋው ፔድሮ ኳሷን ከዚህ አብልጦ ጠልዟት ካርድ አላየም። ሦስት ሳምንት ቈይቶ፥ ሴፕቴምበር 22 ቀን፥ በማንቸስተር ሲቲ ሜዳ ሌአንድሮ ትሮሳር በዚሁ ጥፋት በሁለተኛ ቢጫ ተባረረ፤ የሲቲው ጀረሚ ዶኩ ግን ተመሳሳዩን አድርጎ በሰላም ቀጠለ። ዐሥር ሰው የቀረው አርሰናል 2 ለ 1 እየመራ ስለ ነበር ሁለተኛውን አጋማሽ በመከላከልና በመውደቅ በመነሣት አሳለፈው፤ ጆን ስቶንስም በ98ኛው ደቂቃ አቻ አደረገ። ያን ምሽት የአርሰናል ደጋፊ «ዳኛው አዳላ» ብሎ ጮኸ፤ የሲቲ ደጋፊ «ሰዓት ገደሉ» ብሎ ጮኸ። በአዳራሻችንም ክርክሩ እስከ እራት ደወል አላለቀም። ሁለቱም ወገን እውነት ነበረው።

ዳኛም ሰው መሆኑን አንዘነጋም። ጃኑዋሪ 12 ቀን 2022 በካሜሩን ሊምቤ በአፍሪካ ዋንጫ ማሊ ቱኒዚያን 1 ለ 0 ስትመራ ዛምቢያዊው ጃኒ ሲካዝዌ በ85ኛው ደቂቃ የመጨረሻውን ፊሽካ ነፋ። ተነግሮት ጨዋታውን አስቀጠለ፤ 90ው ሳይሞላ ግን ደግሞ ነፋና ጨረሰው። ሙቀት መትቶት እንደ ነበር በኋላ ራሱ ተናግሯል፤ ስለዚህ ልንሳለቅበት አናነሣውም። የሚያስደንቀን የሁለት አገር ጨዋታ ሰዓት በአንድ የታመመ ሰው ክንድ ላይ ታስሮ መዋሉ ነው።

ታዲያ መድኀኒቱ ቅጣት ማክበድ ነው የሚሉ አሉ። አንስማማም። በ1992 ተከላካይ በእግሩ ወደ ኋላ የመለሰለትን ኳስ በረኛው በእጁ እንዳይይዝ ሲከለከል፥ ጨዋታ ሲያደነዝዝ የኖረው ያ ዘዴ በአጭር ጊዜ ጠፋ። የጠፋው ቅጣቱ ከባድ ስለ ሆነ አይደለም፤ ጥፋቱን ሰው ሁሉ ስለሚያየውና የቱም ዳኛ ዐይቶ ስለማያልፈው ነው። በ2022 በኳታር የዓለም ዋንጫም የባከነው ደቂቃ በርትቶ ተቈጠረ፤ እንግሊዝና ኢራን ኖቬምበር 21 ሲጫወቱ በሁለቱ አጋማሾች በጠቅላላው 27 ደቂቃ ያህል ተጨመረ። ከዚያ ውስጥ ከፊሉ የኢራን በረኛ ከጓደኛው ጋር ተጋጭቶ ፊቱን በመመታቱ የጠፋ ነበር። ልብ በሉ፤ በእውነት የተጐዳውን ሰው መቁጠር አይጐዳውም፤ የሚጐዳው አስመሳዩን ነው። ጨዋታው ረዘመብን ብለው እነ ራፋኤል ቫራን በ2023 ማማረራቸው ከንቱ አልነበረም፤ ነገር ግን የደከመን ተጫዋች የሚያሳርፈው የውድድሩን ብዛት መቀነስ እንጂ ሰዓቱን አሳስቶ መቁጠር አይደለም።

በረኞቹን በሚመለከት ቦርዱ በ2025 የወሰደው እርምጃ ለዚህ ነው ደስ ያሰኘን። 6 ሴኮንዱ 8 ሆነ፤ ቅጣቱም ወደ ማእዘን ምት ዝቅ አለ፤ ዳኛውም የመጨረሻዎቹን 5 ሴኮንዶች እጁን አንሥቶ ለሁሉ እያሳየ እንዲቈጥር ታዘዘ። ጊዜው ረዘመ፥ ቅጣቱም ቀለለ፤ ሕጉ ግን ለመሥራት የበቃው እንዲህ ሆኖ ነው። አስቀድሞ በእንግሊዝ የወጣቶች ውድድርና በማልታ ሲሞከር ቅጣቱን መስጠት ያስፈለገው እጅግ ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር፤ በረኞቹ የተነሣውን እጅ ሲያዩ ኳሷን ይለቋታል።

ሰዓቱ እንደ ቅርጫት ኳስ እየቆመ ሁለቱ አጋማሾች 30፥ 30 ደቂቃ ይሁኑ የሚል ሐሳብ በ2017 ቀርቦ ነበር። እኛ ለጊዜው አንደግፈውም፤ የሠፈር ሜዳና የዓለም ዋንጫ በአንድ ሕግ መጫወታቸው ከእግር ኳስ ውበት አንዱ ነውና። የምንጠይቀው ያ የተነሣ እጅ በ5ኛውም ሆነ በ89ኛው ደቂቃ፥ ለሚመራውም ሆነ ለሚመራበት ቡድን እኩል እንዲነሣ ብቻ ነው።