አንዷን ያዝ፣ አትበትን!

ወገን፣ «የጌም ወሬ ምን ያደርግልኛል?» ብለህ አትለፈው። ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ውድድር ጌም እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ዘጋው። ከፍሎ የገዛው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ። ያኔ ሮስ ስኮት የሚባል ዩቲዩበር ዘመቻ ጀመረ። ጥያቄው አንድ ነው፦ የሸጣችሁትን ጌም ስትተዉት፣ መጫወት እንዲቻል አድርጋችሁ ተዉት። «ለዘላለም ሰርቨር አቆዩልን» አላለም። በጁላይ 2025 የአውሮፓ ኮሚሽንን መልስ ለማስሰጠት የሚያስፈልገው 1 ሚሊዮን ፊርማ ሞላ።

«የዋጋው ነገርስ? ከፍለህ የምትከፍተው የዕድል ሳጥንስ? ሳንሱሩስ?» ትል ይሆናል። እውነት ነው፣ ሁሉም ያናድዳል። ግን ሁሉንም አንድ ፊርማ ላይ ከጫንክ ኩባንያው ደካማዋን መርጦ ይመታሃል፤ ፈራሚውም እርስ በርሱ ይባላል።

እኛስ? በአንድ ሃሽታግ ጠዋት ስለ ባንዲራ፣ ከሰዓት ስለ ኑሮ ውድነት፣ ማታ የዘፋኞች ጠብ! ከዚያ «ለምን አልሰማንም?» እንላለን። ማን ምን ብሎ ይስማን? ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። አንዷን ጠይቅ፣ አሸንፍ፣ ከዚያ ሁለተኛዋን አምጣ።

ያመንክበት ሼር አድርግ!