«ፈት ናት፤ ወረቀት ታምጣ»

ባለፈው እሁድ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሽምግልና ሊያልቅ ሲል ተበላሸ። «ልጃችሁን ለልጃችን» ተብሏል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «ልጅቱ ፈት ናት አሉ፤ የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ብታመጣ...» አሉ። የልጅቱ እናት ወዲያው «የእናንተስ ልጅ?» ብለው ጠየቁ። «እሱማ አግብቶ አያውቅም፤ ገና ልጅ ነው!»

ልጁ 38 ዓመቱ ነው።

የዚህ ዓምድ አንባቢዎች ይህን ጠብ ያውቁታል። መመርመርን የተቃወመ የለም። ከጋብቻ በፊት ውጤት የሚጠይቁ አጥቢያዎች ቢያንስ ሁለቱንም ይጠይቃሉ። ሽማግሌው ግን ድንግልናን በፍቺ ወረቀት፣ ጤናን በድንግልና ይለካሉ።

በእርግጥ ቁጥሩ ከእሳቸው ጋር ይመስላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 0.9 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ አገኘ፤ ሴቶች 1.2፣ ወንዶች 0.6። ባል በሞተባቸውና በፈቱ ሴቶች ዘንድ ደግሞ አሐዙ ካገቡት በብዙ ይበልጣል።

ታዲያ የት ያዛቸው? ባሏ በኤድስ የሞተባት ሴት ቫይረሱን ያገኘችው ጥቁር ከለበሰች በኋላ አይደለም፤ ቀለበቱ ጣቷ ላይ ሳለ ነው። መድኃኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ባል ይቀበራል፣ ሚስት ከልጆቿና ከቫይረሱ ጋር ትቀራለች፤ ጥናቱ ሲመጣ «ባል የሞተባት» በሚለው ረድፍ ትቆጠራለች። አንዳንዷም የተፈታችው ውጤቷ ከታወቀ ወዲህ ነው። ረድፉ የት እንዳለች ይናገራል እንጂ የት እንደተያዘች አይናገርም።

ወረቀቱም ቢሆን የሦስት ወር ጉድለት አለበት፤ ትናንት የተያዘን ሰው ዛሬ «ነጻ» ሊለው ይችላል። በአንጻሩ መድኃኒቷን በወጉ የምትወስድና ቫይረሷ በምርመራ የማይታይ ሴት በግንኙነት አታስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመው የአውሮፓ «ፓርትነር» ጥናት እንዲህ ያሉ 888 ጥንዶችን ያለ ኮንዶም ሲከታተል ከአጋር ወደ አጋር የተላለፈ አንድም አላገኘም። ከእሷና ተመርምሮ ከማያውቅ «ልጅ» የቱ ያስፈራል?

ልጅቱ ማክሰኞ ተመርምራ ወረቀቷን ለእናቷ ሰጠች። ሽምግልናው ለሚቀጥለው እሁድ ተሻግሯል፤ ልጁ ሥራ ስለበዛበት ጤና ጣቢያ መሄጃ ጊዜ አላገኘም አሉ።