ሙታናችንን የሰልፋችሁ ማድመቂያ አታድርጉ

በየዓመቱ፣ እስራኤል እ.ኤ.አ. በ1967 ጦርነት አሮጌውን ከተማ የያዘችበት የኢየሩሳሌም ቀን ሲደርስ በአንዲት ከተማ ውስጥ ሁለት ነገር ይሆናል። በሄርጽል ተራራ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ሲጓዙ በመንገድ የቀሩት የቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ልጆች መታሰቢያ ፊት፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይቆማሉ። ቄሶች ይጸልያሉ፣ የአበባ ጉንጉን ይቀመጣል፣ ባለሥልጣናት እየተፈራረቁ ንግግር ያደርጋሉ። በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ባንዲራ እያውለበለቡ በደማስቆ በር በኩል ወደ አሮጌው ከተማ ይገባሉ። የሙስሊሙ ሰፈር ነጋዴዎች ሱቃቸውን ቆልፈው ቤታቸው ይከተታሉ። ከሰልፈኛው መሃል «ሞት ለዐረቦች» የሚል ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ዓመት አይደለም፣ ደጋግሞ ነው የተሰማው። በመታሰቢያው ፊት «የኢየሩሳሌም ፍቅር» የተባለውና በደማስቆ በር «የኢየሩሳሌም ፍቅር» የሚባለው አንድ ነው ተብሎ እንድናምን ይፈለጋል። እኔ አላምንም። ዝም ብዬም አላልፈውም።

የመናገር መብቴን ማንም አልሰጠኝም፤ የእነዚያ ሙታን ወንድም ስለሆንኩ ነው የምናገረው። ቤተሰቤ ከጎንደር ወደ ሱዳን በእግሩ ሲወጣ ማታ ማታ እየተጓዘ፣ ቀን ቀን ጫካ ውስጥ እየተደበቀ ነው። ኡም ረኩባ መጠለያ ስንደርስ አይሁድ መሆናችንን ማንም እንዳያውቅ ተባልን። እናቴ ያንን ዘመን ስታነሳ ከረሃቡ አስቀድማ የምታወራው ስለ ሰንበት ጭስ ነው። ቅዳሜ ቀን ከአንድ ቤት ጭስ ካልወጣ ጎረቤት ይጠረጥራል። በእኛ ሥርዓት ደግሞ ሰንበት ሲገባ እሳት ይጠፋል እንጂ ተዳፍኖ እንኳ አያድርም። እናቴ ግን ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኩበት በአመድ ታዳፍን ነበር፤ ቅዳሜ ረፋድ ጭሱ ከጎጇችን ወጥቶ እንዲታይ፣ ልጆቿ እንዲተርፉ። ያንን ጭስ ዛሬም በኃጢአት ትቆጥረዋለች። ታናሽ እህቴ እዚያው ተስቦ ይዟት ሞተች። አባቴና አጎቴ በሌሊት ቀበሯት። ጮኾ ማልቀስ አልተቻለም፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች።

በዚያ መንገድና በእነዚያ መጠለያዎች ወደ 4,000 የሚጠጋ ሰው አልቋል። እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 በተካሄደው የሙሴ ዘመቻ ወደ 8,000 የሚሆን ሰው በአውሮፕላን ወጣ። የተረፍነው ገባን፤ እነሱ ቀሩ። እንግዲህ በየዓመቱ ማይክራፎን ፊት የሚነሱት እነዚህ ሙታን ናቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ጽሑፌን ለራሳቸው ዓላማ የሚመዙት እንዳሉ አውቃለሁና። አይሁድ ከኢየሩሳሌም ጋር ያለው ትስስር የአውሮፓ ሰዎች የፈጠሩት የፖለቲካ ተረት ነው የሚሉ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የዩኔስኮ ሥራ አስፈጻሚ ቦርድ ባጸደቀው ውሳኔ፣ አሮጌው ከተማ ለሦስቱም ሃይማኖቶች ያለውን ክብር ቢያነሳም፣ ቤተ መቅደሱ የቆመበትን ተራራ የጠራው በእስልምና ስሙ ብቻ ነበር። ለእነዚህ ሰዎች መልሴ አባ መሐሪ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1862 አባ መሐሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝባቸውን ይዘው ከጎንደር አገር ወደ ኢየሩሳሌም ተነሡ። ካርታ አልነበራቸውም፤ ስንቃቸውም የትም የሚያደርስ አልነበረም። ቀይ ባሕር እንደ ሙሴ ዘመን ይከፈልልናል ብለው ትግራይ ደረሱ፤ ብዙው በረሃብና በበሽታ አለቀ፣ የተረፈው ተመለሰ። በዚያ ዓመት የጽዮናዊነት ንቅናቄ መሪ የሚባለው ቴዎዶር ሄርጽል ገና የ2 ዓመት ሕፃን ነበር። የመጀመሪያው የጽዮናውያን ጉባኤ በባዝል የተጠራው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። አባ መሐሪን የላካቸው ፓርቲ የለም፣ ቅኝ ገዥ የለም፣ ጋዜጣ የለም። ያስነሳቸው ኦሪት ነው። የእኛ ሰው ፊቱን ወደ ኢየሩሳሌም አዙሮ ሲጸልይ ማን እንደሚገዛት እንኳ አያውቅም ነበር።

ደግሞም ከተማይቱ በሌላ እጅ ሳለች ምን እንደሆነ አንርሳ። እ.ኤ.አ. ከ1948 እስከ 1967 ዮርዳኖስ አሮጌውን ከተማ ስትይዝ አይሁድ ወደ ኮቴል፣ ወደ ምዕራባዊው ግንብ፣ መጥቶ እንዳይጸልይ ተከለከለ። የአይሁድ ሰፈር ምኩራቦች ፈረሱ። የደብረ ዘይት ተራራ የመቃብር ድንጋዮች ተነቅለው ለግንባታ ዋሉ። ይህንን ግፍ የማያነሳ ሰው ስለ ኢየሩሳሌም ፍትሕ ቢሰብከኝ አልሰማውም።

እንግዲህ ፍቅሩ እውነተኛ ነው። እውነተኛ ስለሆነ ነው መጫወቻ ሲያደርጉት ደሜ የሚፈላው።

አባቶቻችን ኢየሩሳሌምን እንዴት እንደወደዷት ማወቅ የሚፈልግ የስግድን በዓል ይመልከት። ከአስተሥርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን፣ በሕሽዋን ወር በ29 ነው። በጎንደር አገር አምቦበር ላይ ሕዝቡ ገላውን ታጥቦ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከየመንደሩ ጾሙን ይመጣ ነበር። ቄሶች በጥላ ሥር ኦሪቱን ይዘው ከፊት ይወጡ ነበር። ሕዝቡ ተራራውን ሲወጣ ድንጋይ በራሱ ወይም በትከሻው ይሸከም ነበር፤ ሽማግሌው ከባዱን፣ ልጁ ጠጠሩን። ድንጋዩ የመዋረድ ምልክት ነው፤ ሰው በፈጣሪው ፊት ሸክሙን ይዞ ነው የሚቀርበው። ላይ ሲደርሱ ኦሪቱ ይነበባል፣ መጽሐፈ ነህምያ ይነበባል። በነህምያ የሚነበበው ደግሞ ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም ተሰብስቦ የራሱንና የአባቶቹን በደል ሲናዘዝ፣ ቃል ኪዳኑን ሲያድስ ነው። ልብ በሉ፤ ሕዝቡ ተመልሶ ከተማው ገብቷል፣ ቅጥሯንም ሠርቷል። እዚያ ቆሞ የሚናገረው ግን ድሉን አይደለም፤ በደሉን ነው። ስግደቱ ሲያበቃ ተወርዶ ጾሙ ይፈታል፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ይዘፈናል።

እኔን ኢየሩሳሌምን ያስተማረኝ ይህ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጾሞ፣ ተናዞ የሚደረስባት ከተማ ናት። የባንዲራ እንጨት በሰው ሱቅ መዝጊያ ላይ እየደበደበ የሚገባ ሰው ከየት እንደተማረ አላውቅም፤ ከእኛ ግን አልተማረም። የቤተ እስራኤልን ሙታን የእሱ ሰልፍ ደጋፊ አድርጎ የሚቆጥር ሁሉ እህቴን ይሰድባል።

ዛሬ ስግድ የሚከበረው በኢየሩሳሌም አርሞን ሀናጺቭ ላይ ነው። የእስራኤል ምክር ቤት ክነሴት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ በሕግ አጽድቆታል፤ የታገሉልን ምስጋና ይድረሳቸው። ከዚያ ቦታ ቆሞ ወደ ሰሜን የሚመለከት ሰው አሮጌውን ከተማ፣ የወርቁን ጉልላት፣ ስልዋንን ያያል። አጠገቡ ጀበል ሙከበር አለ፤ የዐረቦች ሰፈር ነው። ቄሶቹ ሲጸልዩ ድምፁ እዚያ ይደርሳል፣ የእነሱም አዛን ወደ እኛ ይመጣል። የጀበል ሙከበር ልጅ የተወለደው ኢየሩሳሌም ነው፣ አባቱም አያቱም እዚያው ናቸው። እስራኤል ከ1967 ጦርነት በኋላ ምሥራቁን ወደ ከተማው ስትጠቀልል ሰዎቹን ግን ከነመሬታቸው በዜግነት አልተቀበለቻቸውም፤ አብዛኞቹ የያዙት የነዋሪነት ፈቃድ ነው። ያ ፈቃድ ደግሞ ይነጠቃል፤ ከ1967 ወዲህ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተነጥቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ አይሁድ ከ1948 በፊት በምሥራቁ የነበረውን ቤትና መሬት እንዲያስመልስ ይፈቅዳል። በምዕራቡ ቤቱን ጥሎ የተሰደደው ፍልስጤማዊ ግን ይህ መብት የለውም። በምሥራቁ ሼክ ጀራሕ ሰፈር ውስጥ ቤተሰቦች የሚፈናቀሉት በዚህ ሕግ ነው።

በተወለዱበት ከተማ ውስጥ ነዋሪ ብቻ መሆን ምን እንደሚመስል ለቤተ እስራኤል ማንም ማስተማር የለበትም። ጎንደር ውስጥ ለዘመናት ርስት ተከልክለን በሰው መሬት ላይ አራሽና አንጥረኛ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ሆነን ኖረናል። «ፈላሻ» ተብለናል፣ ቡዳ ተብለናል። ያንን የቀመሰ ሕዝብ ልጅ ዛሬ በደማስቆ በር ቆሞ በሌላው ላይ ቢጮህ አያቶቹን ከድቷል። ኢየሩሳሌም የእኔ መሆኗን ከማንም ጋር አልደራደርበትም። የእኔ መሆኗ ግን የጀበል ሙከበርን ልጅ እንግዳ አያደርገውም።

ኢየሩሳሌምን በአፋቸው የሚወዷት መሪዎች እኛን ራሳችንን እንዴት ተቀበሉን? ረቢ ዖቫድያ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ የሆኑ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ፤ በ1975 የመመለስ ሕግ እኛንም እንደሚመለከት ተወሰነ። ነገር ግን ከሱዳን የወጣው ሕዝብ የእግሩ ቁስል ሳይሽር የአገሪቱ የረቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ረባኑት፣ «አይሁድነታችሁ ያጠራጥራል፤ ለጋብቻ ውኃ ውስጥ ተነከሩ» አለው። ለኢየሩሳሌም ልጁን የቀበረ ሰው አይሁድ መሆኑን በውኃ ያረጋግጥ! እ.ኤ.አ. በ1985 ወገኖቻችን ኢየሩሳሌም ውስጥ በረባኑት ሕንፃ ፊት ለፊት ለሳምንታት ተቀመጡ። በጃንዋሪ 1996 ደግሞ የለገስነው ደም በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ አወጣው፤ ከ10,000 በላይ ሰው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ። በእናት ኢየሩሳሌም ጎዳና ላይ፣ በውኃና በአስለቃሽ ጭስ ተበተነ። ቄሶቻችን ዛሬም ድረስ እንደ ረቢዎቹ እኩል ሥልጣን አልተሰጣቸውም።

ጎንደርስ? በኖቬምበር 2015 መንግሥት በኢትዮጵያ የቀሩትን ወደ 9,000 የሚጠጉ ወገኖች በ5 ዓመት ውስጥ ለማስገባት ወሰነ። ሚኒስትሮቹ እጃቸውን አወጡ፣ ጋዜጦች ጻፉ፣ እናቶች እልል አሉ። ከዚያ በጀት የለም ተባለ። ከዚያ ደግሞ 2,000 ይምጡ፣ ቆይቶም 3,000 ይምጡ እየተባለ ቤተሰብ ተከፋፈለ፤ እናት ገብታ ልጅ ቀረ፣ ወንድም ገብቶ እህት ቀረች። በዚሁ መሃል የአሜሪካ ኤምባሲ እ.ኤ.አ. በሜይ 14 ቀን 2018 ወደ ኢየሩሳሌም ተዛወረ፤ ዓለም ሁሉ ስለ ኢየሩሳሌም አወራ። በጎንደር ምኩራብ ቅጥር ግቢ ውስጥ ፊቱን ወደዚያችው ከተማ አዙሮ ለሚጸልየው ሰው ግን አንድ ወንበር አልተገኘም። ከቀሩት መካከል የማን አባት ማን ነበር በሚለው በእኛም ዘንድ ክርክር አለ፤ ክርክሩን በማስረጃና በጊዜ ገደብ መፍታት ይቻላል። ሰውን ለሃያ ዓመት በጭቃ ቤት አስቀምጦ ማስረጀት ግን ማጣራት አይባልም።

አይቻልም እንዳይሉን። በሜይ 1991፣ ደርግ ሊወድቅ ቀናት ሲቀሩት፣ የሰለሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ውስጥ 14,325 ሰው አስገብቷል። የአውሮፕላን ወንበር ተነቅሎ ከ1,000 በላይ ሰው በአንድ ጉዞ ተጭኗል። በሰማይ ላይ ሕፃናት ተወልደዋል። አንድ መንግሥት ሲፈልግ ምን እንደሚችል በዓይናችን አይተናል፤ ስለዚህ አለመፈለግን ከአለመቻል እንለያለን።

ቄሶቻችን፣ የማኅበር መሪዎች፣ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ እያገለገላችሁ እህት ወንድማችሁ ጎንደር የቀሩባችሁ ወጣቶች፤ ልመናዬ ለእናንተ ነው። የስግድ መድረክ የእኛ ነው፤ ማን እንደሚናገርበት የምንወስነውም እኛ ነን። በሚመጣው ስግድ በ2015 የተወሰነውን ውሳኔ ለመፈጸም ቀንና በጀት ይዞ ያልመጣ ባለሥልጣን ማይክራፎን አይሰጠው። ይምጣ፣ ይጹም፣ ከሕዝቡ ጋር ይስገድ፤ ንግግር ግን አያድርግ። በኢየሩሳሌም ቀንም በሄርጽል ተራራ ከቆማችሁ በኋላ ልጆቻችሁን ወደ ደማስቆ በር አትላኩ። ቤት ውሰዷቸው፣ በመንገድ የቀሩትን ዘመዶቻቸውን ስም አንድ በአንድ ንገሯቸው።