ስም ጎል አያገባም

ኧረ ጎበዝ! የሐይቅና የአምባሰል ልጆች የፋንታሲ ቡድን ሲሠሩ ለምንድነው ለሰርግ እድምተኛ የሚጠሩ የሚመስሉት? ስሙ የገነነ ሁሉ ይጠራል፤ ቅዳሜ የትኛውን በረኛ እንደሚገጥም የሚጠይቅ ግን የለም፡፡

እስቲ እንቁጠር፡፡ ዴቪድ ራያ በ2023/24 የውድድር ዓመት በ16 የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች መረቡን አላስደፈረም፡፡ እንዲህ ያለ በረኛ ፊት ሦስት አጥቂ ደርድሮ፣ አንዱንም አምበል አድርጎ ነጥቡ እጥፍ እስኪሆን መጠበቅ ምን የሚሉት ጀግንነት ነው? የአጥቂ ጎል 4 ነጥብ ነው፤ የተከላካይ ግን 6! ተከላካዩ ቡድኑ ጎል ካልገባበት ሌላ 4 ይጨምራል፡፡ እንግዲያው ለማዕዘን ምት የሚወጣ ረጅም ተከላካይና ፍፁም ቅጣት ምት የሚመታ አማካይ እንፈልግ፤ አምበልነቱን ደካማ በረኛ ለሚገጥመው እንስጥ፡፡ ደግሞስ ያንን የማይደፈር በረኛ ራሱን መግዛት ማን ከለከለን?

እናንተ ግን ሰኞ ትደነግጡና ከነፃው በላይ ለምታደርጉት ለእያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ትገብራላችሁ፡፡ ያዋጣነው ብርም አብሮ ይሄዳል፡፡

ይህን ስንል የሚመጣውን መልስ ለምደነዋል፤ "ሴት ስለ አሰላለፍ ምን ታውቃለች?" (ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከሠንጠረዡ ግርጌ ነው፡፡) ዲኤስቲቪ ቤት ከኋላ ቆመን ስናይ፣ ለመዋጮው ስንፈለግ ግን ሴትነታችን አልታያችሁም ነበር፡፡ በሉ፣ የቀጣዩን ሳምንት አሰላለፋችሁን ከነአምበሉ ቀነ ገደቡ ሳያልፍ ጻፉልን፡፡ የእኛንም ከጎኑ እንጽፋለን፡፡